ፀረ አረም ከማሳ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ፦ ከጎፋ እስከ አቃቂ

ፀረ አረም ኬሚካሎች ከተረጩበት ማሳ ተነስተው በአፈር ውስጥ በመስረግ ወይም በጎርፍ ታጥበው ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሊደርሱ ይችላሉ። የስጋቱ መጠን የሚወሰነው በኬሚካሉ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በአፈሩ ጠባይ፣ ርጭቱ በሚካሄድበት ወቅትና ውሃው በሚከተለው መንገድ ጭምር ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል እነዚህ ሁኔታዎች በአንድ ቦታ ስለሚገናኙ ጉዳዩ የአርሶ አደሩ ብቻ ሳይሆን ከአቃቂ ጉድጓዶች የመጠጥ ውሃ የሚያገኘው የከተማ ነዋሪም ጉዳይ ነው።

የአካባቢው አቀማመጥ

ጎፋ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። የአዲስ አበባ መሬት በሰሜን ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የእንጦጦ ተራራ ጀምሮ ወደ ደቡብ እየዘቀዘቀ ይሄድና በአቃቂ አካባቢ ወደ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጎፋ በዚህ ተዳፋት አጋማሽ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በገጸ ምድር የሚፈሰውም ሆነ በከርሰ ምድር የሚጓዘው ውሃ አጠቃላይ አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው።

በጎፋ፣ በመካኒሳና በላፍቶ ዙሪያ የሚያልፈው የትንሹ አቃቂ ወንዝ ከታላቁ አቃቂ ጋር ውሃውን ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ያደርሳል። ውሃው ከዚያ ተነስቶ ከአዋሽ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በወንዙ ዳርቻ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር በመስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች ለረጅም ዓመታት የከተማዋን የአትክልት ገበያ ሲመግቡ ኖረዋል። ከከተማው በስተደቡብ ባለው ሜዳ ደግሞ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ የሚመረትበት ሰፊ የጥቁር አፈር መሬት አለ።

በዚሁ አቅጣጫ የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ መስክ ይገኛል። አዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ በዋናነት የምትጠቀመው ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች በሚገኝ የገጸ ምድር ውሃ ነበር። የሕዝቡ ቁጥር እያደገ ሲሄድ በአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው የከርሰ ምድር ውሃ የከተማዋን አቅርቦት ጉልህ ድርሻ መያዝ ጀመረ። ይህ ውሃ የተከማቸው በእሳተ ገሞራ ዓለቶች ውስጥ፣ በተለይም በተሰነጣጠቀ ባዛልትና በተለምዶ ቀይ አሸዋ ተብሎ በሚጠራው ባለ ቀዳዳ ዓለት ውስጥ ነው። እነዚህ ዓለቶች ብዙ ውሃ የሚይዙትና በቀላሉ የሚለቁት ስንጥቅና ቀዳዳ ስላላቸው ነው። ይኸው ጠባያቸው ግን ብክለት ከደረሰባቸው በፍጥነት እንዲዛመት መንገድ ይከፍታል።

ፀረ አረም በአፈር ውስጥ ምን ይሆናል?

በኢትዮጵያ የእህል ማሳዎች በስፋት የሚታወቀው ፀረ አረም አርሶ አደሩ «ቱፎርዲ» የሚለው 2፣4-ዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ለገበያ የቀረበው ይህ ኬሚካል በጤፍና በስንዴ ማሳ ውስጥ እንደ መጭ ያሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ያጠፋል። እንደ ሙጃ ያሉ የሣር ዝርያ አረሞችን ግን ስለማያጠፋ ለእነርሱ ሌሎች ኬሚካሎች በሥራ ላይ ይውላሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ የቀረበው ግላይፎሴት ብዙውን ጊዜ ከዘር በፊት መሬትን ከአረም ለማጽዳት ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው አትራዚን ደግሞ በበቆሎና በሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ይታወቃል።

ከማሳ ላይ የተረጨ ኬሚካል ሁሉ ወደ ታች አይወርድም። ከፊሉ በአረሙ ቅጠል ይመጠጣል፣ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ በፀሐይ ብርሃን ይፈራርሳል። ወደ አፈሩ የገባው ክፍል ዕጣ ፈንታ በዋናነት በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው ኬሚካሉ ከሸክላ ቅንጣቶችና ከብስባሽ ጋር ምን ያህል እንደሚጣበቅ ነው። ሁለተኛው የአፈር ተህዋስያን ኬሚካሉን ምን ያህል ፈጥነው እንደሚሰባብሩት ነው።

ይህንን ፍጥነት ለመግለጽ ባለሙያዎች «ግማሽ ዕድሜ» የሚል መለኪያ ይጠቀማሉ። የ2፣4-ዲ ግማሽ ዕድሜ ጥሩ አየር ባለው የላይኛው አፈር ውስጥ በአማካይ 10 ቀን ገደማ ነው። በመሆኑም ከ30 ቀን በኋላ ከገባው መጠን አንድ ስምንተኛው ብቻ ይቀራል ማለት ነው። የአትራዚን ግን 60 ቀን ገደማ በመሆኑ ከአራት ወራት በኋላም ሩቡ በአፈር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ግላይፎሴት በአማካይ ከአንድ ወር ተኩል ያላነሰ ጊዜ ቢቆይም ከአፈር ቅንጣቶች ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ ከውሃ ጋር ወደ ታች የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ሁለቱን ጠባያት በአንድነት ለመመዘን እ.ኤ.አ. በ1989 ጉስታፍሰን የተባለ ተመራማሪ ያቀረበው ቀላል ስሌት እስከ አሁን ይሠራበታል። በዚህ ስሌት ከ2.8 በላይ ነጥብ የሚያገኝ ኬሚካል ወደ ታች የመስረግ ዝንባሌው ከፍተኛ፣ ከ1.8 በታች የሚያገኘው ደግሞ ዝቅተኛ ነው። በተለመዱት አማካይ መለኪያዎች ሲሰላ አትራዚን ወደ 3.6 ይደርሳል፤ 2፣4-ዲ በመካከለኛው ክልል 2.7 ላይ ይውላል፤ ግላይፎሴት ከዜሮ በታች ይሆናል።

ይሁንና ነጥቡ የኬሚካሉን ዝንባሌ እንጂ የቦታውን ስጋት አያሳይም። 2፣4-ዲ በአፈር ውስጥ አሉታዊ ሙል ይዞ የሚገኝ ሲሆን፣ የሸክላ ቅንጣቶችም አሉታዊ ሙል ስላላቸው በቀላሉ አይያያዙም። ከመበስበሱ በፊት ከባድ ዝናብ ከጣለ ከውሃው ጋር መጓዙ አይቀርም። ግላይፎሴትም ቢሆን ከአፈሩ ብረትና አሉሚኒየም ጋር የሚያያዘው ፎስፌት በሚይዘው ቦታ ላይ በመሆኑ፣ ብዙ የፎስፌት ማዳበሪያ ባለበት ማሳ የመያዝ ኃይሉ ሊዳከም ይችላል።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ጥልቀት ነው። ኬሚካሎችን የሚሰባብሩት ተህዋስያን በብዛት የሚኖሩት ብስባሽና አየር ባለበት የላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ከሥር ክልል ያለፈ ኬሚካል አሥር ቀን የተባለው ግማሽ ዕድሜ ወደ ወራትና ከዚያም በላይ ሊራዘምለት ይችላል።

መረሬ አፈር፦ ክዳንም ወንፊትም

ኢትዮጵያ 12 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የመረሬ አፈር እንዳላት የሚገመት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 7 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆነው በደጋው ክፍል ይገኛል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው ሜዳ የዚሁ አካል ነው። መረሬ ብዙ ሸክላ ያለው በመሆኑ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እስከ አንድ ሜትር ሊደርስ የሚችል ጥልቅ ስንጥቅ ይፈጥራል።

ብዙዎች መረሬ ውሃ የማያሳልፍ በመሆኑ ከሥሩ ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ እንደ ክዳን ይጠብቃል ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት በከፊል ትክክል ነው። በሐምሌና በነሐሴ አፈሩ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ስንጥቆቹ ይዘጋሉ፤ ውሃም ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ በላዩ ይተኛል ወይም ይፈስሳል። ነገር ግን በግንቦትና በሰኔ፣ ከረጅሙ የበጋ ድርቀት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ስንጥቆቹ ክፍት ናቸው። ያን ጊዜ ውሃው በሸክላው ውስጥ ቀስ ብሎ አይጣራም፤ በስንጥቁ ውስጥ በቀጥታ ይወርዳል። ከአፈር ጋር የመጣበቅም ሆነ በተህዋስያን የመሰባበር ዕድል የሚያገኝበት የላይኛው አፈርም በአንድ ጊዜ ይታለፋል።

ከዚህ በመነሳት ስጋቱ በሁለት ወቅት ይከፈላል። በቆሎ ሲዘራና መሬት ከዘር በፊት ሲጸዳ የሚረጩ ኬሚካሎች ስንጥቁ ክፍት በሆነበት ጊዜ ስለሚውሉ ወደ ታች የመስረግ አደጋ አለባቸው። በዚህ ጊዜ ከአፈር ጋር አጥብቆ ይያያዛል የሚባለው ግላይፎሴት እንኳ ከደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች ጋር ተጣብቆ በስንጥቁ ሊወርድ ይችላል። በጤፍና በስንዴ ላይ በነሐሴ የሚረጨው 2፣4-ዲ በአንጻሩ ስንጥቁ በተዘጋበትና ዝናቡ በበረታበት ጊዜ የሚውል በመሆኑ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ወንዝ የመግባት ዕድሉ ያመዝናል። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ከ1 ሺህ 100 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ሲሆን አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው።

ወደ ወንዝ የገባውም ቢሆን ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ያለው ግንኙነት አያበቃም። ወንዞቹ በተሰነጣጠቀ ዓለት ላይ በሚያልፉባቸው ቦታዎች ውሃቸው ወደ ታች ሊሰርግ ይችላል። አትክልት በዚሁ ውሃ በመስኖ ሲለማም የሰረገው ውሃ የያዘውን ይዞ ወደ ጥልቁ አፈር ያመራል። በመሆኑም «ጎርፍ ወሰደው» የተባለ ኬሚካል ከአካባቢው ወጣ ማለት አይደለም፤ መንገዱን ለወጠ እንጂ።

መጠኑ ሲሰላ

በጤፍና በስንዴ ማሳ የተለመደው የ2፣4-ዲ ምክረ ሐሳብ በሄክታር 1 ሊትር ነው። በሊትር 720 ግራም ኬሚካል ያለውን ዓይነት ብንወስድ በአንድ ሄክታር ላይ 720 ግራም ይረጫል። ለምሳሌ ያህል ከዚህ ውስጥ 1 በመቶው ማለትም 7 ነጥብ 2 ግራም ከሥር ክልል አልፎ ወረደ እንበል። በክረምቱ 200 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢሰርግ በአንድ ሄክታር 2 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። የሰረገው ውሃም በሊትር 3 ነጥብ 6 ማይክሮ ግራም ኬሚካል ይይዛል።

ይህ ቁጥር ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? የዓለም ጤና ድርጅት ለ2፣4-ዲ በመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 30 ማይክሮ ግራም በመሆኑ በዚህ መለኪያ ውሃው ከወሰኑ በታች ነው። የአውሮፓ ኅብረት ግን ለማንኛውም ነጠላ ፀረ ተባይ በሊትር 0.1 ማይክሮ ግራም፣ ለሁሉም በድምሩ 0.5 ማይክሮ ግራም ወሰን አስቀምጧል። በዚህ መለኪያ ውሃው ከወሰኑ 36 እጥፍ ይበልጣል። የመጀመሪያው ወሰን የተሰላው በጤና ላይ ከሚያስከትለው ጉዳት አንጻር ሲሆን፣ ሁለተኛው ፀረ ተባይ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከመጀመሪያውም መገኘት የለበትም ከሚል የጥንቃቄ መርህ የመነጨ ነው።

ስሌቱ ሌላም ነገር ያሳያል። በአውሮፓው ወሰን መሠረት አንድ ግራም ፀረ አረም 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃን እስከ ወሰኑ ጫፍ ለማድረስ ይበቃል። ስለሆነም በጉድጓድ አፍ አጠገብ የፈሰሰ ወይም መርጫ ሲታጠብ የተደፋ ጥቂት ቅሪት፣ በሰፊ ማሳ ላይ በትክክል ከተረጨው ይልቅ የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

ጀርመን አትራዚንን እ.ኤ.አ. በ1991 ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2004 ፈቃዱን እንደማያድስ ወስኗል። ይሁንና ኬሚካሉና ከእርሱ የሚገኙ ብስባሽ ውጤቶች ከክልከላው አሥርተ ዓመታት በኋላም በጀርመን የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ሲገኙ ቆይተዋል። የከርሰ ምድር ውሃ በዝግታ የሚጓዝና በዝግታ የሚታደስ በመሆኑ የላይኛው ምንጭ ቢዘጋም ቀድሞ የገባው በቶሎ አይወጣም።

የዴንማርክ ተሞክሮ በተለይ ለጎፋ መሰል የከተማ አካባቢዎች ትምህርት ይሰጣል። በዚያች አገር ዳይክሎቤኒል የተባለ ፀረ አረም በዋናነት ይውል የነበረው በእህል ማሳ ላይ ሳይሆን በግቢዎች፣ በመንገድ ዳርና በእግር መንገዶች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ቢታገድም «ባም» የሚባለው ብስባሽ ውጤቱ በአገሪቱ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት መካከል ሆኖ በርካታ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች እንዲዘጉ ምክንያት ሆኗል። ጠጠር በፈሰሰበት ግቢ ላይ ብስባሽም ሆነ በቂ ተህዋስያን ስለሌሉ ኬሚካሉ የሚይዘው ሳያገኝ ይወርዳል። በመሆኑም ግቢን፣ የአጥር ሥርንና የመንገድ ዳርን በፀረ አረም ማጽዳት ከእርሻ የተለየ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በአገራችን የታዩ ምልክቶች

የአዲስ አበባ የከርሰ ምድር ውሃ ለብክለት ያለው ተጋላጭነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በተደገፈ የአፍሪካ ከተሞች ጥናት ተመርምሯል። በከተማዋ ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶችና ምንጮች ከፍተኛ የናይትሬት መጠን መመዝገቡም ይታወቃል። የናይትሬቱ ዋነኛ ምንጭ በከተማ ውስጥ የመጸዳጃና የፍሳሽ ቆሻሻ ነው እንጂ ፀረ አረም አይደለም። ሆኖም ናይትሬት መገኘቱ ከገጸ ምድር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚወስደው መንገድ ክፍት መሆኑን ያመለክታል።

በጎፋና በቄራ ዙሪያ በሚገኙት የወንዝ ዳር አትክልት ማሳዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች በአብዛኛው ያተኮሩት ከፋብሪካ ፍሳሽ በሚመጡ ከባድ ብረቶች ላይ ነው። በእነዚህ ማሳዎች አረም በብዛት የሚወገደው በእጅና በመኮትኮቻ በመሆኑ የፀረ አረሙ ስጋት ከጤፍና ከስንዴ ማሳዎቹ ያነሰ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ ከኔዘርላንድስ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 የፀረ ተባይ ስጋት ቅነሳ ፕሮግራም አካሂዷል። በዚህ ሥራ የቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉ ሲሆን፣ ኬሚካሎች ከመመዝገባቸው በፊት በመጠጥ ውሃ ላይ ሊያደርሱ የሚችሉትን ስጋት በኢትዮጵያ የአየር ንብረትና አፈር መሠረት ለማስላት የሚረዳ መሣሪያ ተዘጋጅቷል።

ሕጉ ምን ይላል?

ፀረ ተባይ ሲባል ፀረ አረምንም ይጨምራል። በኢትዮጵያ ቁጥጥሩ ለረጅም ጊዜ ሲመራ የቆየው በልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20/1982 ሲሆን፣ ይህም በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ተተክቷል። በአዋጁ መሠረት ያልተመዘገበ ኬሚካል ወደ አገር ማስገባትም ሆነ መሸጥ አይፈቀድም። ከዚህ ጋር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ አካላትን ከብክለት የመጠበቅ ግዴታን ያስቀምጣሉ። ይሁንና ምዝገባ ኬሚካሉ በአግባቡ ከዋለ ያለውን ስጋት ይመዝናል እንጂ መርጫው የት እንደሚታጠብ ሊቆጣጠር አይችልም። ይህ በማሳው ላይ ባለው ሰው እጅ ያለ ነው።

ስጋቱን ለመቀነስ

ከመነሻው አረሙን መለየት ያስፈልጋል። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ብቻ የሚያጠፋ ኬሚካል ሙጃ በወረረው ማሳ ላይ ቢረጭ አረሙ ሳይጠፋ ኬሚካሉ ወደ አፈር ይገባል። ደጋግሞ ማረስ፣ ሰብልን ማፈራረቅ፣ ንጹሕ ዘር መጠቀምና በወቅቱ በእጅ ማረም የሚረጨውን መጠን ይቀንሳሉ። የእጅ አረም ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ በመሆኑ ኬሚካል መጠቀም የግድ ሲሆን ደግሞ በመለያው ላይ ከተጻፈው መጠን አለማለፍ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጊዜውን መምረጥ ነው። መረሬ ተሰነጣጥቆ ባለበት ወቅት የመጀመሪያው ዝናብ ከመጣሉ በፊት አለመርጨት፣ ከባድ ዝናብ በሚጠበቅበት ዕለትም ርጭቱን ማዘግየት ኬሚካሉ ለመያዝና ለመበስበስ ጊዜ እንዲያገኝ ያደርጋል። ክፍት ስንጥቆችን በቀላል እርሻ ማፍረስም በቀጥታ የሚወርደውን ውሃ ይቀንሳል።

ሦስተኛው የውሃውን መውጫ መመልከት ነው። በመረሬ መሬት ላይ የሚተኛውን ውሃ ለማንጣፈፍ የሚወጡት ሰፋፊ መደቦችና ቦዮች ምርትን ያሳድጋሉ። ቦዮቹ ግን ጎርፉን በፍጥነት ወደ ወንዝ የሚያደርሱ በመሆናቸው መውጫቸው በሣር በተሸፈነ ቦታ ላይ እንዲሆን ማድረግ አፈሩንም ኬሚካሉንም ያስቀራል። በወንዝ፣ በምንጭና በጉድጓድ ዙሪያም ሳይረጭ የሚቀር ዳርቻ መተው ያስፈልጋል።

አራተኛው የመርጫና የዕቃ አያያዝ ነው። ኬሚካል በጉድጓድ ወይም በወንዝ ዳር አይበጠበጥም፤ መርጫም በዚያ አይታጠብም። ባዶ ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ተመልሶ በማሳው ላይ መረጨት አለበት። ዕቃው ተበስቶ ከጥቅም ውጪ መደረግ እንጂ ለውሃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ መያዣ መዋል የለበትም።

በውሃ ተቋማት በኩል ደግሞ ናሙና የሚወሰድበት ጊዜ ከርጭቱ ወቅት ጋር መጣጣም ይኖርበታል። በበጋ የተወሰደ ናሙና በክረምት ያለፈውን ላያሳይ ይችላል። ጥልቀት የሌላቸውን ጉድጓዶችና ምንጮች ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላና በነሐሴ መጨረሻ መመርመር ጥልቆቹ ጉድጓዶች ሳይነኩ ቀድሞ ምልክት ይሰጣል።

አንድ ጊዜ የተበከለ የከርሰ ምድር ውሃን ማጽዳት ብዙ ዓመታትና ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል። ከጎፋ እስከ አቃቂ ባለው ተዳፋት ላይ የመከላከል ሥራው የሚከናወነው ውሃው ከሚወጣበት ጉድጓድ ሳይሆን ገና ከሚሰርግበት ማሳ፣ ግቢና የወንዝ ዳር ጀምሮ ነው።